ታፋውን ማን ይሸከመዋል?

ወንዱ ኤልክ ከሸለቆው ማዶ ቆሟል። ከእኛ እስከ እሱ ቢበዛ 250 ሜትር ነው። ጎሕ ቀዷል፤ ፀሐይዋ ግን ገና የጋራውን ጫፍ ብቻ ነው የነካችው። ውርጭ በለበሰው ሣር ላይ ትንፋሹ እንደ ጭስ ሲወጣ ይታየኛል። ጠመንጃዬን ድንጋይ ላይ አስደግፌ በመነጽሩ እያየሁት ነው፤ መስቀሉ ግን ትከሻው ላይ አልረጋ አለኝ። ከመኪናው ተነስተን እዚህ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ዳገት ወጥተናል። የልቤ ምት ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል።

አጠገቤ የተንበረከኩት ጎረቤቴ ናቸው። ያን ጊዜ 68 ዓመታቸው ነበር፤ 40 ዓመት ያህል በእነዚህ ተራሮች አድነዋል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ከወደቀ፣ ታፋውን ተሸክመህ መውጣት ትችላለህ?»

ወደ ታች አየሁ። ቁልቁለቱ ጥልቅ ነው፤ የወደቁ ግንዶች እርስ በርስ ተጋድመዋል። ጣቴን ከቃታው ላይ አነሳሁ። ኤልኩ ጥቂት ቆይቶ፣ ሳይቸኩል፣ ጫካው ውስጥ ገባ። እሳቸውም ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልክ አደረግህ» አሉኝ።

ይህ የሆነው በ2021 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በዚያው የበረዶ ወቅት በወር 30 ዶላር ከፍዬ ለተራራ አዳኞች ተብሎ የተዘጋጀ የአካል ብቃት ፕሮግራም ጀመርኩ። ባለፈው ወር ደግሞ ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ወጣት ሾፌር፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ስልኩን ከፍቶ ተመሳሳይ ፕሮግራም አሳየኝና «ጋሼ፣ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ገንዘቤን፣ ጉልበቴንና ሁለት የአደን ወቅቶችን አውጥቼ የተማርኩትን እዚህ ላስቀምጠው።

ሥጋው ዕዳ ነው

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። በ2006 ከመጣሁ ጀምሮ ኑሮዬ መሪ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ታክሲ፣ አሁን የአውሮፕላን ማረፊያ ማመላለሻ። በቀን አሥር ሰዓት እቀመጣለሁ። ያን የመጀመሪያ አደን ስወጣ ዕድሜዬ 46፣ ክብደቴ 94 ኪሎ ነበር።

ኤልክ ከአጋዘን ወገን ነው፤ አዋቂው ወንድ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ኤልክ ያለው ኮሎራዶ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 280,000 ይገመታል። የነዋሪ ፈቃድ ከ60 ዶላር ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከሌላ ግዛት የሚመጣ አዳኝ ግን ከ700 ዶላር በላይ ይከፍላል። ከ1949 መግቢያ ወዲህ የተወለደ ሰው ፈቃድ ለማውጣት የአዳኝነት ትምህርት ተምሮ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። በጠመንጃ ወቅት ብሩህ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስና ቆብ ግዴታ ነው።

ከሕጎቹ ሁሉ ልቤን የነካው ግን የሥጋው ሕግ ነው። ለምግብ የሚሆነውን ሥጋ ጫካ ጥሎ መሄድ ያስቀጣል። መቀጫው ባይኖርም ነውር ነው፤ የእንስሳን ነፍስ አጥፍቶ ሥጋውን ለብክነት መተው እኔ ባደግኩበት መንዝ ሰው ፊት የሚያስቆም ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ከአንድ ወንድ ኤልክ አጥንቱ ወጥቶለት 100 ኪሎ ያህል ሥጋ ይገኛል እንበል። በአንድ ጊዜ 25 ኪሎ ብትሸከም አራት ሸክም ይሆናል። መኪናው 4 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ብቻህን ከሆንክ አራቴ ጭነህ ትወጣለህ፣ ሦስቴ ባዶህን ትመለሳለህ፤ 28 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ሁለት ከሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ 12 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ሁሉ እንስሳው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያውም ሥጋው ሳይሞቅና ሳይበላሽ። ስለዚህ ለተራራ አደን ሰውነትን ማዘጋጀት ለመልክ ወይም ለፉክክር የሚደረግ ነገር አይደለም። ቃታውን ከመሳብህ በፊት የምትገባው ዕዳ ነው።

ተራራው የሚጠይቃቸው አራት ነገሮች

ፕሮግራም ይጠቅማል አይጠቅምም ለማለት በመጀመሪያ ተራራው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ይህን የተረዳሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ጥያቄዎቼ ሌላ ይሆኑ ነበር።

የመጀመሪያው ረጅም ትንፋሽ ነው። የአደን ቀን ስምንት፣ አሥር ሰዓት በዝግታ መጓዝ ነው እንጂ ለሃያ ደቂቃ መጣደፍ አይደለም። ይህን አቅም የሚገነባው ረጅምና ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ነው፤ ቃል ሳይቆራረጥብህ ከጓደኛህ ጋር እያወራህ የምትሄድበት ዓይነት። በዚህ ፍጥነት ለወራት ሲሠራ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፣ በጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፣ ጡንቻውም ስብን አቃጥሎ መጓዝን ይለምዳል። በሁለት ሳምንት የሚመጣ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቁልቁለት ነው። ሰው ሁሉ ዳገቱን ይፈራል፤ አዳኝን የሚጥለው ግን መውረዱ ነው። ስትወርድ የጭንህ ጡንቻ እየተለጠጠ ይኮማተራል፤ እንደ መኪና ፍሬን ሰውነትህን ይዞ ይቆማል። ይህ ሥራ ያልለመደውን ጡንቻ በጥቃቅኑ ይጎዳዋል፤ ሕመሙም በማግስቱ ጀምሮ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። የመጀመሪያው የጠመንጃ ወቅት አምስት ቀን ብቻ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ደረጃ መውረድ ያቃተው ሰው ወቅቱ አልቆበታል ማለት ነው። ደግነቱ ጡንቻ ትምህርት ይይዛል፤ ቀደም ብሎ በመጠኑ የቀመሰው ቁልቁለት ለሳምንታት ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው ሸክም ነው፤ ሒሳቡን ከላይ ሠርተነዋል።

አራተኛው ከፍታ ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ እኛ የምናድነው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ ተራራ ምን ያደርገናል?» እንላለን። እኔም ብያለሁ። እውነት ነው፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ደም ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የተቀራረበ መሆኑን ሲንቲያ ቢያል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2002 አሳይተዋል። ያ ግን እዚያው ደጋ ላይ ውሎ የሚያድር፣ ዳገት የሚወጣ፣ ሸክም የሚሸከም ሰው ነው። አሥራ አምስት ዓመት መሪ ላይ የተቀመጠን ጭን መንዝ መወለድ አያድነውም።

ከመክፈል በፊት የሚመጣ ነገር

ፕሮግራሙን ስመዘገብ ስለ ጤናዬ የተጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፦ «እንቅስቃሴ ለማድረግ ጤነኛ ነህ?» አዎ የሚለውን ነካሁ፣ አለቀ። ባለቤቴ የነርስ ረዳት ናት። በማግስቱ ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ክንዴ ላይ የደም ግፊት መለኪያ አስራ፣ «ሰው አዎ ስላለ አዎ አይሆንም» አለችኝ። 152 በ96 ነበር። ፕሮግራሙን ለስድስት ሳምንት አቆየሁት፤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ መድኃኒት ጀመርኩ፣ የልብ ምርመራ አደረግኩ።

ይህን የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም። በሚሺገን ግዛት 25 ወንዶች የልብ ምታቸውን የሚመዘግብ መሣሪያ ታጥቀው አጋዘን ሲያድኑ የተደረገ ጥናት በ2007 ታትሟል። ከእነሱ አንዳንዶቹ ጫካ ውስጥ ልባቸው የመታው፣ ሐኪም ቤት በመሮጫ ማሽን ላይ እስከ አቅማቸው ጫፍ ሲፈተኑ ከተመዘገበው በላይ ነው። ብርዱ፣ ሸክሙ፣ እንስሳውን ሲያዩ የሚመጣው ድንጋጤ ተደምሮ ነው። በኮሎራዶ እያንዳንዱ የአደን ፈቃድ ላይ 25 ሳንቲም ለፍለጋና ነፍስ አድን ሥራ ትቀነሳለች። ተራራ ላይ ሰው እንደሚወድቅ ፈቃድ ሰጪውም ያውቃል ማለት ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆንክ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለብህ፣ ወይም ለዓመታት ተቀምጠህ የሠራህ ከሆንክ የመጀመሪያው 30 ዶላር የሐኪም ነው።

ለ30 ዶላር ምን አገኘሁ?

ፕሮግራሙ በስልክ የሚከፈት ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት። አሠልጣኙ በቪዲዮ ያሳያል፤ አንተ ትከተላለህ። ስኳት፣ ሳጥን ላይ መውጣትና መውረድ፣ አሸዋ የተሞላ ከረጢት መሸከም፣ ሻንጣ ጭኖ መራመድ። ብዙ ቀን ደግሞ ትንፋሽ እስኪያጥር የሚያጣድፍ ዝላይና ግፊት አለበት።

ደጉን ልመስክር። ትልቁ ጥቅሙ ቅደም ተከተል ነው። ጂም ብቻዬን ስሄድ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እዞራለሁ፤ ዛሬ የሠራሁት ከትናንቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላውቅም ነበር። ፕሮግራሙ ሸክሙን በየሳምንቱ በጥቂቱ ይጨምራል፣ አራተኛው ሳምንት ላይ ሆን ብሎ ያቀልለዋል። ሰውነት የሚጠነክረው በሥራው ሰዓት ሳይሆን ከሥራው በኋላ ሲያርፍ መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ ነው። ሁለተኛው፣ ከሳጥን ላይ በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውረድን አስተማረኝ፤ አምስት እየቆጠሩ። በራሴ ፈጽሞ የማላስበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ አልተንቀጠቀጠም። ሦስተኛው፣ መክፈሌ ራሱ ከአልጋ አስነሳኝ። ያልሠራሁበት ቀን በዶላር ይታየኝ ነበር።

ጉድለቱንም ልናገር። ፕሮግራሙ እኔን አያውቀኝም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ፈረቃ የምገባ መሆኔን፣ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት የማደርስ መሆኔን አያውቅም። በሳምንት አምስት ቀን ብሎ ያዘጋጀውን እኔ በሦስት ቀን አጭቄ ስሠራ፣ በሁለተኛው ወር የቀኝ ጉልበቴ አበጠ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ቪዲዮ ግን ሲያነክሱ አያይም። እዚያው አጠገብህ የቆመ ሰው ቢኖር «ተው፣ ዛሬ በቃህ» ይልህ ነበር።

የምግቡ መመሪያም ለእኔ ኑሮ የተሠራ አልነበረም። እንቁላል፣ የወተት ፕሮቲን ዱቄት፣ የዶሮ ሥጋ። ሥልጠናው የሚከብድባቸው ሳምንታት ኦገስት ላይ ናቸው፤ ኦገስት 7 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ጾሜን ለአደን ብዬ አልተውም። ስለዚህ መመሪያውን ዘግቼ ባለቤቴን ጠየቅኋት። ሽሮውን አወፈረችልኝ፣ ምስርና ሽምብራ በየቀኑ አደረገችልኝ፣ ከሥራ መልስ የሱፍ ፍትፍት። ለተራራውም ስንቁን ከአባቶቻችን ወሰድን፤ በሶ በማር የተለወሰ፣ ገብስና ሽምብራ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። አይቀዘቅዝም፣ አይበላሽም፣ በኪስ ይያዛል። አሁን ጎረቤቴ ያለ ዳቦ ቆሎ ተራራ አይወጡም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ተራራን ወደ ክፍል ውስጥ ሊያመጣው አይችልም። ከፍታን የሚያለማምድህ ከፍታ ብቻ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት የሚያመጣው የከፍታ ሕመም ጠንካራና ደካማ አይለይም፤ እንዲያውም ብርቱው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ፈጥኖ ሊይዘው ይችላል። መድኃኒቱ ከአደኑ በፊት ሁለት ሦስት ሌሊት ከፍ ባለ ቦታ ማደር፣ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ሲብስ ደግሞ መውረድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከአለቃ የሚጠየቅ የዕረፍት ቀን ነው፤ ያ በወር ክፍያ አይገዛም።

ያለ ክፍያ የሠራሁት

በ2022 ወቅት በፕሮግራሙ ተዘጋጅቼ ወጣሁ። አምስት ቀን ተጓዝኩ፣ ጉልበቴ ያዘልኝ፣ ትንፋሼ ረዳኝ፤ ፈቃዴ የሚፈቅደውን እንስሳ ግን አላየሁም። አብዛኛው የኤልክ አዳኝ በየዓመቱ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ስመለስ ክፍያውን አቆምኩ። ያስከፋኝ ነገር ስለነበረ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ገብቶኝ ስለነበረ ነው። አንድ ተማሪ ፊደሉን ከለየ በኋላ ማንበብ የራሱ ነው።

ለ2023 የሠራሁት እንዲህ ነው። ጁን ላይ ጀመርኩ፤ ለኦክቶበር አራት ወር ተኩል ይቀረኛል ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን 45 ደቂቃ በፈጣን እርምጃ፣ እያወራሁ በምችለው ፍጥነት። ሁለት ቀን ለጡንቻ፦ ስኳት፣ ከሳጥን ላይ ቀስ ብሎ መውረድ፣ የወገብና የጀርባ ሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ነው፤ የእኔም መነሻ ከዚያ የራቀ አልነበረም። ቅዳሜ ሻንጣ ጭኜ ወደ ሬድ ሮክስ።

ሬድ ሮክስ ከዴንቨር በስተምዕራብ በቀይ አለቶች መካከል በ1941 የተከፈተ ትልቅ የሙዚቃ መድረክ ነው። ትርዒት በሌለበት ጠዋት ደረጃው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከታች እስከ ላይ 380 ደረጃ፣ ያለ ክፍያ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው ይወጣል ይወርዳል። ጉልበታቸው የጠና ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ማኒቱ ስፕሪንግስ ወዳለው ማኒቱ ኢንክላይን ይሄዳሉ፤ 2,768 ደረጃ፣ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 600 ሜትር ገደማ ወደ ላይ። እኔ እዚያ ሁለት ጊዜ ብቻ ወጥቻለሁ። ተራራ የሌለበት ከተማ ለሚኖር ወገን ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሳጥን ይበቃል፤ 1,000 ጊዜ ከወጡበት 300 ሜትር ጋራ ወጡ ማለት ነው።

ሸክሜ የጤፍ ከረጢት ነበር። እዚህ የሐበሻ ሱቅ 25 ፓውንድ ተብሎ የሚሸጠው ከ11 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። በአንድ ከረጢት ጀምሬ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሊትር ውኃ ጨመርኩበት። ውኃ የመጨመሬ ምክንያት አለው፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ የደረጃው ጫፍ ላይ ስደርስ ውኃውን አፈስሰውና ቀለል ብዬ እወርዳለሁ፤ ጉልበት አይጎዳም። ከኦገስት በኋላ ግን ሳላፈስስ መውረድ ጀመርኩ፤ ሥጋ ተሸክሜ ስወርድ የማፈስሰው የለምና። ዱላም ያዝኩ፣ ሁለት። መሬት በዱላ ሲደገፉ ከጉልበት ላይ ሸክም ይነሳል፤ የመንዝ ሽማግሌ ያለ ዱላ ቁልቁለት የማይወርደው ለዚህ መሆኑን በልጅነቴ አላስተዋልኩትም።

ራሴን የምለካበትም አገኘሁ። በአሜሪካ የደን ቃጠሎ ለማጥፋት የሚሰማራ ሠራተኛ ከመሄዱ በፊት 20 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ 4.8 ኪሎ ሜትር ሜዳ በ45 ደቂቃ ውስጥ ሳይሮጥ መጨረስ አለበት። ጁን ላይ በ17 ኪሎ ሸክም 57 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሴፕቴምበር ላይ ሙሉውን ሸክም ይዤ 46 ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ቀረችኝ፤ ግን የት እንዳለሁ አውቄአለሁ። ማንበብ ለሚወድ ሰው ደግሞ ስቲቭ ሃውስና ስኮት ጆንስተን በ2014 ያሳተሙት፣ ተራራ ለሚወጡ ሰዎች የተጻፈ የሥልጠና መጽሐፍ አለ። የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ከሁለት ወር ክፍያ አይበልጥም፤ ቤተ መጻሕፍትም በነፃ ያውሱታል።

ማን ይክፈል፣ ማን ይተው?

ለወጣቱ ሾፌር የነገርኩትን ለአንባቢም እነግራለሁ። አስቀድመህ የጎደለህን ለይ።

የጎደለህ ዕውቀትና ቅደም ተከተል ከሆነ፣ ጂም ገብተህ ምን እንደምትሠራ የማታውቅ ከሆነ፣ ለአንድ ወቅት መክፈል ያዋጣል። አራት ወር በ30 ዶላር 120 ዶላር ነው። ከሌላ ግዛት መጥቶ ለፈቃድ ብቻ ከ700 ዶላር በላይ ለሚያወጣ፣ ነዳጅና ጫማ ለሚገዛ፣ የዓመት ዕረፍቱን ለሚሠዋ ሰው ይህ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። ያን ሁሉ አውጥቶ በሁለተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ መተኛት ነው ኪሳራው።

የጎደለህ ጊዜ ከሆነ ግን ፕሮግራም ጊዜ አይሸጥም። በሳምንት ሦስት ሰዓት ማግኘት ካልቻልክ መጀመሪያ ከቤተሰብህ ጋር ተነጋገር። የጎደለህ ጤና ከሆነ ሐኪም ጋ ሂድ። አሮጌ ጉዳት ካለብህ ለአንድ ዓመት የስልክ ፕሮግራም የምትከፍለውን ለሁለት ሦስት ቀን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ብትከፍል ይሻልሃል፤ አይቶህ፣ ነክቶህ፣ ለአንተ የሚሆነውን ይሰጥሃል። የጎደለህ አብሮህ የሚነሳ ሰው ከሆነ ደግሞ እሱ በአቅራቢያህ አለ።

ልትከፍል ከወሰንክም እነዚህን ጠይቅ። አሠልጣኙ ማነው? በአሜሪካ የጥንካሬ ሥልጠና ባለሙያዎች ማኅበር ፈትኖ የሚሰጠው ሲኤስሲኤስ የሚባል የምስክር ወረቀት አለ፤ እሱን ወይም ተመጣጣኙን ይዟል? መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያስፈትንሃል? ሳያስፈትን ተለወጥክ የሚል ፕሮግራም አትመን። ከዝላይና ከመጣደፍ ይልቅ ረጅም ቀስ ያለ ጉዞ አለበት? ቁልቁለት አለበት? ሸክሙ በደረጃ ያድጋል? ቀለል የሚልበት ሳምንት አለው? በሦስት ቀን ለመሥራት ለሚገደድ ሰው አማራጭ አዘጋጅቷል? የሙከራ ጊዜ አለው? ክፍያው በራሱ የሚቀጥል ከሆነ ማቆሚያው የት ነው? በስምንት ሳምንት ፍጹም ሌላ ሰው ትሆናለህ የሚል ካገኘህ እለፈው። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፤ ጅማትና ትንፋሽ ግን ወራት ይፈልጋሉ።

ማረፊያ ድንጋይ

በ2023 ኖቬምበር መጀመሪያ፣ ከዚያው ሸለቆ ብዙም ሳንርቅ፣ ሌላ ወንድ ኤልክ አየን። ጎረቤቴ 70 ዓመት ሆኗቸዋል። ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። ልቤ ይመታ ነበር፤ ግን ትንፋሼን ይዤ ልቆጥረው እችል ነበር። «እችላለሁ» አልኳቸው። አንድ ጥይት ነበር፤ ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ ወደቀ።

ብልቱን አወጣን። ሁለቱ ታፋ፣ ሁለቱ ወርች፣ ሽንጡ፣ የአንገቱና የጎድኑ ሥጋ። ወደ መኪናው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ነበር። እሳቸው ሽንጡን የያዘ ቀላል ሸክም አንድ ጊዜ ወሰዱ፤ እኔ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። የመጨረሻውን ታፋ ያወጣሁት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፣ በግንባር መብራት።

በዚያ ጨለማ ውስጥ የማስበው ስለ ፕሮግራሙ አልነበረም። እናቴን ነበር። ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክማ ስትመለስ ከኋላዋ እሄድ ነበር። ስትቸኩል አይቻት አላውቅም። ሲደክማትም እዚያው አትቆምም፤ መንገዱ ዳር ወገብ የሚያህል ድንጋይ አለ፣ እስክትደርስበት ትሄዳለች፣ ሸክሟን ሳታወርድ እሱ ላይ ታሳርፋለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ትቀጥላለች። እኔም እንዲያ አደረግኩ። ወገቤን የሚያህል ድንጋይ እየፈለግኩ፣ ሻንጣውን እያሳረፍኩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው። ፕሮግራሙ በሰንጠረዥ ያስተማረኝን፣ ጭነህ ሂድ፣ አርፈህ ጨምር፣ እሷ በእግሯ ታውቀው ነበር።

መኪናው ጋ ስደርስ ጎረቤቴ ሻይ አፍልተው ጠበቁኝ። በማግስቱ ሥጋውን በሚዛን ስናስቀምጠው 97 ኪሎ ነበር። ከእሱ አንድ ኪሎ እንኳ ጫካ አልቀረም።

ወጣቱ ሾፌር ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ ጋሼ፣ እኔስ የጎደለኝ ምን ይመስልሃል?» አለኝ። ገና 31 ዓመቱ ነው፤ ጤናው ሙሉ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የለውም። ለጊዜው ካርድህን አታውጣ አልኩት። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሬድ ሮክስ፣ የታችኛው ደረጃ ላይ እገኛለሁ። ሻንጣህን አምጣ፤ የጤፉን ከረጢት እኔ ይዤልህ እመጣለሁ።